ውሃ ደርቆ በመኪና ቀለም ላይ ስለሚተወው ነጭ ነጠብጣብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱ፣ ከተለያየ ቦታ ቢጻፉም፣ ጉዳያቸው አንድ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ውሃ በመኪና ቀለም ላይ ደርቆ ስለሚተወው ነጭ ምልክትና ስለ ማስለቀቂያው ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መሠረቱን ስለሚነካ መልሱ ረዝሟል፤ የቀሩት ጠያቂዎችም አስቀድመው እርሱን ቢያነቡ የየራሳቸው መልስ ይቀልላቸዋል።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ጥቁር የቤት መኪና አለኝ። ግቢያችን ባለው የቧንቧ ውሃ፣ በጎማ፣ ሁልጊዜ ራሴ ነኝ የማጥበው። ታጥቦ ሲደርቅ ኮፈኑና ጣራው ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ነጫጭ ክቦች ይወጣሉ። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋቸው የለቀቁ ይመስሉና ሲደርቅ ይመለሳሉ። እንዲህ መሆን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን አንዳንዶቹ ምንም ባሻቸው አይለቁም። ጎረቤቴ በአቼቶ እጠበው ይሉኛል፤ ቀለም ቀቢው ደግሞ ኮፈኑና ጣራው እንደ አዲስ ካልተቀቡ መፍትሔ የለውም ብለው ዋጋ ነግረውኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ግማሹን እውነት ይዘዋል፤ ቀለም ቀቢው ግን የቸኮሉ ይመስለኛል። ኮፈንዎ በስተመጨረሻ መቀባት ያስፈልገው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ማወቅ የሚቻለው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። የፋብሪካ ቀለም በፋብሪካ ምድጃ የጠነከረ ነው፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ በየጋራዡ የሚረጨው ምትክ እጅግ ጥሩ ባለሙያ ካልያዘው ያንን ያህል አይበረክትም። ስለዚህ ደካማውን መድኃኒት አስቀድመን ብርቱውን እናስከትላለን።

የድሬዳዋ ሰው ስለ ውሃው ጠባይ ከእኔ መማር አያስፈልገውም፤ በየቤቱ ያለው ማንቆርቆሪያ ውስጡን ቢያሳይ ይበቃል። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ አካባቢው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ምድር ነው። (በአገራችን ቀደምት የሆነው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነውና።) ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ በመጠኑ አሲዳማ ይሆናል፤ ይህ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቆች ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዢየም እያሟሟ ይሸከማል። ውሃው በማንቆርቆሪያ ሲፈላም ሆነ በኮፈን ላይ ሲደርቅ ጋዙ ይበርና የሟሟው ድንጋይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በመኪናዎ ላይ የሚያዩት ነጭ ነገር እንግዲህ ቆሻሻ ሳይሆን የድሬዳዋ ተራራ ነው ማለት ይቻላል።

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ውሃ ጠንካራ ውሃ ይሉታል። በውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዢየም በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በአንድ ሊትር ከ60 ሚሊግራም የማይበልጥ ሲሆን ለስላሳ፣ ከ120 ሲያልፍ ጠንካራ፣ ከ180 ሲያልፍ በጣም ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። ለስሌት ያህል 300 ሚሊግራም የያዘ ውሃ እንውሰድና፣ ከእጥበት በኋላ ግማሽ ሊትሩ ሳይጠረግ በመኪናው ላይ ቀረ እንበል፤ ሲተን 150 ሚሊግራም ደረቅ ኖራ ትቶ ይሄዳል። ይህ ለአንድ ቀን ትንሽ ነው፤ በየሳምንቱ ሲደራረብ፣ ያውም በጥቁር ቀለም ላይ፣ ከዓይን አይሰወርም። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት የጠፋ የሚመስለው ውሃው የኖራውን ሻካራ ገጽ ስለሚሞላውና ብርሃን እንዳይበተን ስለሚያደርግ ነው። ጨርቁ የረጠበው በዚያው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ እየጠረጉ ሳይሆን ሌላ ኖራ እየጨመሩበት ነው።

ነጠብጣቡ ክብ የሚሆንበትም ምክንያት አለው። ረከቦት ላይ የተንጠባጠበ ቡና ሲደርቅ ጠርዙ ከመሐሉ ይልቅ ይጠቁራል፤ ጠብታ በዳርቻው በኩል ፈጥኖ ስለሚተን፣ የመሐሉ ፈሳሽ የያዘውን ሁሉ እየጎተተ ወደ ዳር ይፈስሳልና። ኖራውም እንደዚያው በዳር ይከማቻል። ጠብታው እንደ ማጉሊያ መነጽር የፀሐይ ብርሃን ሰብስቦ ቀለሙን ያቃጥለዋል የሚባለው ግን አያሳምንም፤ በለስላሳ ገጽ ላይ የተኛ ጠብታ ብርሃኑን የሚሰበስበው ከቀለሙ በታች ራቅ ባለ ነጥብ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጠብታው እያነሰ ሲሄድ በውስጡ ያለው ጨው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ጥቁር ኮፈን ደግሞ በድሬዳዋ ቀትር እጅ አያስነካም። የጠነከረው ጨውና ሙቀቱ አንድ ላይ ሆነው፣ ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን ይበሉታል።

ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ይህ ሽፋን በብዙዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ላይ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይወፍራል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ የመኪናዎን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀው ከአንድ ፀጉር የቀጠነ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምነግርዎ ሁሉ ይህን ሽፋን ሳንጨርስ ነጠብጣቡን የምናስለቅቅበት መንገድ ነው።

በማለዳ ወይም ማምሻውን፣ ኮፈኑ ሲነካ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ከጥላ ሥር መኪናውን በመኪና ሻምፖ ይጠቡት። የልብስ ዱቄት ሳሙና በቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ስለሚገፍፍ አይጠቀሙበት። ከዚያ እጅዎን በስስ ፌስታል ውስጥ ከተው በጣትዎ ጫፍ ነጠብጣቡን ዳሰስ ያድርጉት፤ ፌስታሉ ጣት ብቻውን የማይለየውን ሻካራነት አጉልቶ ያሳውቃል። ጉብታ ከተሰማዎ ኖራው ገና ከላይ ተቀምጧል፤ ቀላሉ ይህ ነው። ጣትዎ ምንም ሳይሰማው ዓይንዎ ክቡን ካየ፣ ወይም ጥፍርዎ ጎድጎድ ያለ ነገር ካገኘ፣ ኖራው ቀድሞ ታጥቦ ሄዶ የበላው ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለት ዓመት በቆየ ነጠብጣብ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን እንደሚገኙ እገምታለሁ።

ለጉብታው የጎረቤትዎ አቼቶ በቂ ነው። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለውን፣ ቀለም ያልገባበትን ነጭ አቼቶ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። የተጣራ ውሃ ከሌለ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይተካዋል። ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዙ ከሆነ ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አጥብቀው ያንብቡ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ አሲዱም አለና። ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ በቅልቅሉ ነክረው ነጠብጣቡ ላይ ያንጥፉት እንጂ አይሹት። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይተዉት፤ እንዲደርቅበት ግን ፈጽሞ አይፍቀዱ። ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ስለሚሟሟ፣ ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ጥቃቅን አረፋ ሊያዩ ይችላሉ። ከዚያ ጨርቁን ሳይጫኑ አንሥተው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፣ በሻምፖ ደግመው ይጠቡት፣ ወዲያውም ያድርቁት። አንዱን ቦታ እስከ ሦስት ጊዜ መድገም ይቻላል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን ከበሩ ግርጌ፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ ይሞክሩት፤ መኪናው ከዚህ ቀደም የተቀባ ከሆነማ ግዴታ ነው። ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም በአቼቶ ስለሚደበዝዝ ጌጣጌጡን ይጠብቁ። የግቢዎ ወለል እብነ በረድ ከሆነም መኪናውን ወደ ውጭ ያውጡት፤ እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና አቼቶ አይምረውም። ሎሚስ አይሆንም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ይሠራል፤ ሆኖም የሎሚው አሲድ ከካልሲየም ጋር ሆኖ የሚፈጥረው ጨው በውሃ በሚገባ አይሟሟም፣ የአቼቶው ግን በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ ሎሚውን ለማዕድ እንተወው።

ከአቼቶው በኋላ አሁንም የሚሻክር ነገር ከቀረ፣ ክሌይ ተብሎ የሚሸጠውን እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጽጃ ይጠቀሙ። ገጹን በሻምፖ ውሃ አርጥበው፣ ክሌዩን ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ያንሸራትቱት፤ መሬት ላይ ከወደቀ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ስለሚፍቅ ይጣሉት። ውሃ ከካልሲየም ሌላ ሲሊካም ሊይዝ ይችላል፤ ሲሊካ ደግሞ በአቼቶ አይሟሟም። አንዳንድ ነጠብጣብ አሲዱን ንቆ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያን ጊዜ አሲዱን ማጠንከር ትርፉ ጉዳት ነው።

የተበላውን ቦታ በተመለከተ አሲድም ክሌይም አይረዱም። ጉድጓድን በማጠብ መሙላት አይቻልም፤ የሚቻለው በዙሪያው ያለውን ክሊር ጥቂት ማይክሮን ዝቅ አድርጎ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው፤ ፖሊሽ ማለት ይኸው ነው። በጣም ደቃቁን ፖሊሽ በእጅ፣ በአንድ መዳፍ በሚሸፈን ቦታ ላይ ይጀምሩ። ለውጥ ካዩ ይቀጥሉ፤ ካላዩ እየተወዛወዘ የሚዞረውን የፖሊሽ ማሽን ወደሚያውቅ ባለሙያ ይውሰዱት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በኃይል የሚሽከረከረው ማሽን በሠለጠነ እጅ ፈጣን ነው፤ ባልሠለጠነ እጅ ግን የኮፈን ጠርዝ ላይ ጥቂት ሰኮንድ ከቆመ ክሊሩን ይጨርሰዋል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ዘመን የአንድ ነጭ ፒክአፕ ጠርዝ ላይ እንዲሁ ቆሜ እስከ ስቱኮው ድረስ አውርጄዋለሁ፤ የማስቀቢያውንም ከፍያለሁ። ፖሊሽ በሚያደርጉበት ጊዜ ጨርቅዎ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከወጣ ወይ ክሊሩ አልቋል፣ ወይ መኪናው ከመጀመሪያውም ክሊር በሌለው ቀለም የተቀባ ነው። በሁለቱም ምክንያት በዚያው ያቁሙ።

ባለሙያው የቀለሙን ውፍረት በማይክሮን የሚለካ መሣሪያ ካላቸው ከሥራው በፊት ኮፈኑን በብዙ ቦታ እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። የፋብሪካ ቀለም ከነሥሩ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ይገኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብዙ መቶ ማይክሮን ከታየ ከሥሩ ስቱኮ አለ፣ ከ80 በታች ከወረደ ደግሞ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ፖሊሽ ብዙ ሄዶበታል። በ2000 ወይም በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጡ መፋቅ የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ይህን ያለ መለኪያ እንሥራው የሚሉዎ ካሉ እሺ አይበሉ። ይህም ካልበቃ የቀለም ቀቢው ቃል እውነት ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጣራውንና ኮፈኑን ለየብቻ ይመዝኗቸው፤ ሁለቱ እኩል ተጎድተዋል ማለት አይደለም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ አቼቶውም ፖሊሹም ያነሡትን ሰም ይተኩ። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አስተጣጠብ ነው፤ እዚህ ላይ ከወጪው ይልቅ ልማዱ ያስቸግራል። መኪናውን በፀሐይ አይጠቡ። ጣራውን፣ ከዚያ ኮፈኑን እያሉ ክፍል በክፍል ይሂዱ፤ አንዱ ሳይደርቅ ወደ ሌላው አይለፉ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ የጎማውን መርጫ አውልቀው፣ ውሃው ሳይበታተን እንደ አንሶላ ተያይዞ እንዲወርድ ዝቅ አድርገው ያፍስሱት፤ በዚህ መንገድ አብዛኛው ውሃ ራሱ ይሄዳል። የቀረውን በሰፊ የማይክሮፋይበር ፎጣ ወዲያው ያንሡት። የበሩን እጀታና የጎን መስታወቱን ሥር አይርሱ፤ ከዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ከሆነ አንድ ባልዲ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ቢያስቀሩ ከገበያ ከሚገዛ ከብዙ ነገር ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ ቦሌ፦ የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ መኪናዬን አቆማለሁ። ከጣሪያው ስንጥቅ ውሃ ይንጠባጠባል። ኮፈኑና የፊት መስታወቱ ላይ እንደ ሻማ ቀልጦ የደረቀ የሚመስል ነጭ ነገር ተጋግሯል። የአዲስ አበባ ውሃ ለስላሳ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?

መልስ፦ ስለ ከተማዋ ውሃ የሰሙት በከፊል ልክ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው ግን ከከርሰ ምድር ስለሆነ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ስለዚህ በአንዱ ሰፈር ላቫጆ የታጠበ መኪና ጠርቶ ሲወጣ፣ የራሱ ጉድጓድ ካለው ላቫጆ የወጣው ሊነጣ ይችላል። በእርስዎ መኪና ላይ ያለው ግን ከቧንቧም ከጉድጓድም አይደለም፤ ከሕንፃው ነው።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ከላይ ያፈሰሰ ቧንቧ ወይም የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ሲያልፍ ይህን እያሟሟ ይወርዳል፤ አየር ሲያገኝም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ይጋገራል። ቀና ብለው ጣሪያውን ቢመለከቱ ከስንጥቁ ሥር እንደ ቀጭን ገለባ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ነገሮች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ መኪናዎ ላይ ያለው የእነርሱ ወንድም ነው። ከተራ የውሃ ነጠብጣብ የሚከፋው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ጠብታው በፒኤች መለኪያ 12 ሊደርስና ሊያልፍ የሚችል ብርቱ አልካሊ ስለሆነ፣ ሳይጋገር በፊት ቀለሙን መብላት ይጀምራል። ትኩስ ጠብታ ባዩ ጊዜ የታሸገ ውሃ ከመኪናዎ አውጥተው ቢሆን እንኳ እዚያው ያለቅልቁት።

ለተጋገረው ከላይ ለድሬዳዋው ጠያቂ የገለጽኩት የአቼቶ ቅልቅል ያገለግላል፤ ልዩነቱ ትዕግሥቱ ነው። በጥፍር፣ በምላጭ ወይም በካርድ ለመፈቅፈቅ አይሞክሩ፤ ቅርፊቱ ሲነሣ ከሥሩ ያለውን ክሊር ይዞ ሊነሣ ይችላል። የተነከረውን ጨርቅ በየሁለት ደቂቃው በአዲስ ቅልቅል እያራሱ ቅርፊቱ እስኪሳሳ ድረስ ይድገሙት፤ በአንድ ቀን ካላለቀ ያለቅልቁና ለሌላ ቀን ያቆዩት። ብዙ ቀን የቆየ ከሆነ ከሥሩ የደበዘዘ ክብ መቅረቱ አይቀርም፤ እርሱ የፖሊሽ ሥራ ነው። መስታወቱ ላይ አቼቶውን ሳያቀጥኑ መጠቀም ይችላሉ፤ መጥረጊያ ጎማውን ግን ከፍ አድርገው ያቁሙት፣ የረገፈው ቅርፊትም ሙልጭ ብሎ ሳይታጠብ መጥረጊያውን አያስነሡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመኪናውን ቦታ ይቀይሩ። ካልተቻለ የሕንፃው አስተዳደር ከስንጥቁ ሥር ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ የቆርቆሮ አሸንዳ እንዲሰቅል በጽሑፍ ይጠይቁ። ጉዳዩ ከመኪናዎም ያልፋል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ እያደር ፌሮውን ማዛጉ ስለማይቀር ስንጥቁን ማስደፈን ለባለ ሕንፃውም ይበጀዋል።

ጥያቄ፣ ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ፦ እዚህ በታክሲ ሥራ እተዳደራለሁ። የምኖርበት አፓርትመንት የሣር ማጠጫ ሌሊት ሌሊት መኪናዬን ይረጨዋል፤ ጠዋት ስነሣ አንዱ ጎኑ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ ሽፋን ካስቀባህ ነጠብጣብ አይዝም ብለውኝ ብዙ ገንዘብ ከፍዬ አስቀባሁት፤ አሁንም ያው ነው። ተታልያለሁ?

መልስ፦ ዕቃው እውነተኛ ይሆናል፤ የተሰጥዎ ተስፋ ግን ልክ አልነበረም። ሴራሚክ ውሃን ያንከባልላል፤ በመርጫ የመጣ ደቃቅ ጠብታ ግን ለመንከባለል ክብደት ስለሌለው ባለበት ክብ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ፀሐይ ስትወጣም እዚያው ይደርቃል። የሴራሚኩ ጥቅም ኖራው የሚይዘው ክሊሩን ሳይሆን እርሱን መሆኑ ነው። ስለዚህ ሴራሚክ ያለበት መኪናም ቢሆን በየጊዜው ለዚሁ በተሠራ ለስለስ ባለ የውሃ ነጠብጣብ ማስለቀቂያ መጽዳት አለበት፤ የትኛው እንደሚስማማው ሴራሚኩን ከቀባልዎ ቤት ይጠይቁ።

የላስ ቬጋስ ውሃ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው። ወንዙ በኖራና በጨዋማ አለቶች መካከል ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ በጣም ጠንካራ ከሚባለው ክፍል ይመደባል፤ የበረሃው ሙቀትና ደረቅ አየር ደግሞ ለማድረቅ ፋታ አይሰጡም። ለእርስዎ የሚሻለው ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ ለዚሁ የሚሸጠውን የመርጫ ማጽጃ ረጭተው በማይክሮፋይበር ማንሣት ነው። ሳንቲም እየከተቱ ራስን በሚያስተናግዱባቸው የመኪና ማጠቢያዎች ‘ስፖት ፍሪ ሪንስ’ የሚለው ምርጫ ማዕድኑ በማጣሪያ የወጣለት ውሃ ነው፤ የመጨረሻውን ደቂቃ ለእርሱ ያስቀሩ። የሣር ማጠጫውን አፍ እንዲያዞሩትም አከራይዎን ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ በመኪናው ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ከደብዳቤው ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፣ ከመቀሌ፦ አቼቶውን እንደሚባለው ሞክሬዋለሁ፤ ጥቂቱ ለቀቀ፣ አብዛኛው ንቅንቅ አላለም። አንድ ወዳጄ የባትሪ አሲድ በውሃ አቅጥነህ ጥረገው፣ እርሱ ካልሆነም በረኪና ጨምርበት አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። በረኪናው አሲድ ስላልሆነ ኖራን አያሟሟም፤ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቀለሙን፣ ቆዳዎንና ዓይንዎን ከመጉዳቱም ሌላ ለዚህ ሥራ ጭራሽ የማይረባ ነው። ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ጂፕሰም ነውና፣ አንዱን ነጭ ነገር አንሥተው በሌላ ነጭ ነገር ይተኩታል። ለቸርኬ ማጽጃ ከሚሸጡት ኬሚካሎች አንዳንዶቹም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም የእርሱ ዘር ይኖርባቸዋል፤ በቆዳ ገብቶ ሥር የሚጎዳ ስለሆነ ይዘቱ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አይግዙ።

አቼቶዎ ያልሠራበትን ምክንያት እዚያው ጂፕሰም ላይ ብንፈልገው የምናገኘው ይመስለኛል። በመቀሌ ዙሪያ ያለው ምድር የኖራ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በሸክላማው አለት መካከል ጂፕሰም አለበት፤ የአካባቢው የጉድጓድ ውሃም ሰልፌት የሚበዛበት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲደርቅ ከካርቦኔቱ ጋር ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም ጂፕሰም፣ ይተዋል። አቼቶ ካርቦኔቱን አሟሟልዎት፤ ጂፕሰሙን ግን አሲድ ስለሆነ ብቻ አያሟሟውም።

ጂፕሰምን የሚያሸንፈው የሚገርም ቀላል ነገር ነው፤ ንጹሕ ለስላሳ ውሃ። አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ከ2 ግራም በላይ ጂፕሰም ማሟሟት ይችላል፤ ካልሲየም ካርቦኔትን ግን 15 ሚሊግራም ያህል እንኳ አያሟሟም። ስለዚህ በጥላ ሥር፣ ቀዝቀዝ ባለ ኮፈን ላይ፣ በተጣራ ወይም በዝናብ ውሃ የራሰ ወፍራም ፎጣ አንጥፈው፣ እንዳይደርቅ በላዩ ፕላስቲክ ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። ፎጣውን ሲያነሡ የያዘውን ውሃ በመኪናው ላይ ሳይጨምቁ ወደ ውጭ ያውጡት፣ ገጹን በአዲስ የተጣራ ውሃ ያለቅልቁና ያድርቁት። ከዚያ የአቼቶውን ጨርቅ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ የውሃውን ፎጣ አንድ ጊዜ እያፈራረቁ ሁለት ሦስት ዙር ይሂዱበት፤ ካርቦኔቱና ጂፕሰሙ ተደራርበው ስለሚቀመጡ አንዱ ካልተነሣ ሌላው አይገለጥም። በመጨረሻ ጣትዎ በፌስታሉ ውስጥ ሆኖ ምንም ካልተሰማውና ክቡ ግን አሁንም ከታየ፣ የቀረው ጉድጓድ ነውና ወደ ፖሊሹ ይለፉ።